ኢንተርኔቱን ሳንጠብቅ፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች የቀረበ ጥሪ

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የምትኖሩ፤ ከዚያ ወጥታችሁ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ኑሮ የመሠረታችሁ ወገኖቼ፣ ገንዘብ ብቻ ልለምናችሁ ቢሆን ኖሮ ነገሬን በሁለት መስመር እጨርስ ነበር። የምጠይቃችሁ ሥራ ነው። ኢንተርኔት መጣ ሄደ ሳንል በየትምህርት ቤታችን ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው እናገናኝ። የተገናኙትን የሚጠብቅና የሚጠግን ሰው እናቁም። መሬት ውስጥ የተቀበረውንና ኮረብታ ላይ የቆመውን መስመር እንደ ራሳችን ንብረት እንየው። በየኪሳችን ያለው ስልክም የሌባ በር እንዳይሆን አንዳችን ሌላችንን እናስተምር።

«መብራት እየሄደ፣ ዳታ እየጠፋ የምን ኔትወርክ ነው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም የምነሳው ከዚያው ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ መቆየቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከዚያ በፊትም በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ምን እንዳደረሰ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጆቻችን ግን መስመሩ እስኪቀና ተቀምጠው አይጠብቁም፤ ዕድሜያቸው ይሄዳል፣ ክፍላቸው ይለወጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ይዞ የማያውቅ የስማዳ ልጅ ከባሕር ዳር ልጅ እኩል ሰዓት ተሰጥቶት ስክሪን ፊት ቢቀመጥ፣ ሰዓቱን የሚበላበት ጥያቄው ሳይሆን ጥያቄውን መግለጡ ነው።

ብዙ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል አለው። ከለጋሽም ከመንግሥትም የተገኙ ኮምፒውተሮች ተደርድረው በጨርቅ ተሸፍነዋል፤ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው። ለምን ሲባል መልሱ «ኢንተርኔት የለማ!» ነው። ከመብራቱም ከገንዘቡም ይልቅ ትልቁ እንቅፋታችን ይህ መልስ ነው እላለሁ። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ኬብል ተያይዘው አንደኛው የሌላውን ፋይል ከከፈተ ኔትወርክ ተሠርቷል፤ ቴሌም፣ ሳተላይትም፣ ወርኃዊ ክፍያም አላስፈለገውም። ኢንተርኔት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ኔትወርኮች ተያይዘው ያስገኙት ነው እንጂ እነሱ ከእሱ አልተወለዱም።

ሃያ ኮምፒውተር ያለበት አንድ ክፍል እንውሰድ። የሚያስፈልገው ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች፣ አንድ ካርቶን ኬብል፣ በኬብሉ ጫፍ የሚታሰሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ማያያዣዎች፣ እነሱን የሚያስረው ክሪምፐርና አሠራሩ ልክ መሆኑን የሚመረምር ቴስተር ነው። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠምዝዘዋል፤ የቀለማቸው ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ መሆን አለበት። ይህን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል፤ እንዲያውም ከመምህሩ ቀድሞ ይለምደዋል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ ይሰጠዋል። ለግቢ ውስጥ አገልግሎት ተብለው የተለዩ አድራሻዎች አሉ፤ በ192.168 የሚጀምሩት ከእነሱ ናቸው። ማንንም ሳናስፈቅድ፣ ለማንም ሳንከፍል ነፋስ መውጫና ወገዳ ላይ በአንድ ጊዜ ልንጠቀምባቸው እንችላለን፤ ከግቢው አጥር ስለማይወጡ አይጋጩም። ይህ መላ የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቀድሞው የአድራሻ አሠራር ለመላው ዓለም የሚበቃው ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ በመሆኑ ነው። ስለዚህ 192.168.10.1ን ለሰርቨሩ፣ ከ11 እስከ 30 ያሉትን ለተማሪ ኮምፒውተሮች ብንሰጥ፣ ቁጥሩንም በቀለም በየማሽኑ ግንባር ላይ ብንጽፍ፣ የትኛው እንደታመመ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ሰርቨር ሲባል ውድ ማሽን አይምሰላችሁ። አንድ ቴራባይት ዲስክ የገባለት፣ አምስትና ስድስት ዓመት ያገለገለ ተራ ኮምፒውተር ይበቃል። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፔዲያን እንዳለ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው። የአማርኛው ትንሽ ነው፤ 15 ሺህ ያህል ጽሑፍ ቢሆን ነው (እሱን ማሳደግም የእኛ ዕዳ ነው፤ ስለ ጉና ተራራ ወይም ስለ ጨጨሆ ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ መምህር ከአርብ ገበያ ካልተገኘ ከየት ይገኛል?)። የትምህርት ሚኒስቴር የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መጻሕፍት፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች፣ የመምህራን ማስታወሻ፣ የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮዎች ሁሉ ተጨምረውበት ዲስኩ አይሞላም። ተማሪው ብራውዘሩን ከፍቶ የሰርቨሩን አድራሻ ይጽፋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈትለታል። ዳታ ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም። አዲስ ነገር መጨመር ሲያስፈልግ ደግሞ ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው አንድ ዲስክ በቦርሳው ይዞ ይመጣል፤ መንገድ በተዘጋበት ሰሞንም ያለው አይጠፋም።

ከሥራው ክፉ ክፉውንም ልናገር። የኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ ሲረዝም ሲግናሉ ይደክማል፤ የአገራችን ትምህርት ቤት ግቢ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ከኮምፒውተር ክፍሉ እስከ መዝገብ ቤቱ 100 ሜትር ማለፍ ብርቅ አይደለም። «መሐል ላይ ስዊች ጨምረን እንቀጥለው» የሚል ይኖራል፤ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ከጉና ግርጌ ለሚኖር ሰው የክረምት መብረቅ ምን እንደሆነ አልነግረውም። በሁለት ሕንጻዎች መካከል የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ መብረቁ ባይመታው እንኳ አጠገቡ ሲወድቅ ጉልበቱን ሰብስቦ ወደ ክፍሉ ያስገባዋል፤ ስዊቹም ሃያው ኮምፒውተርም በአንድ ቀን ሊሄድ ይችላል። ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ፋይበር ወይም የዋይፋይ ማገናኛ ይደረግ፤ የመብራቱ መስመር የምድር ሽቦ ይኑረው፤ ሲያጉረመርም ሶኬቱ ይነቀል። መብራት ሲቋረጥ የሚደግፈው ዩፒኤስ ሳይገዛ ኮምፒውተር አይገዛ።

ከግቢው መውጣት ስንፈልግ ነው ራውተር የሚያስፈልገን። አሠራሩን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም፤ ደብዳቤ በሰው እጅ ይላክ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ገና አለ። አዲስ አበባ ያለ የስማዳ ሰው ለእናቱ ጽፎ፣ የመንደሩንና የእናቱን ስም ከላይ አስፍሮ፣ ወደ ደብረ ታቦር ለሚሄድ መንገደኛ ይሰጣል። ያ መንገደኛ ስማዳን ረግጦ ላያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከደብረ ታቦር ወደዚያ የሚያቀና ነጋዴ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ነጋዴው ለገበያተኛ፣ ገበያተኛው ለጎረቤት እያለ ይደርሳል። ከመካከላቸው መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው ቀጥሎ ለማን እንደሚሰጥ ብቻ ነው። ራውተርም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። አድራሻውን ያነባል፣ ሰንጠረዡን ያያል፣ ለቀጣዩ ያቀብላል።

ልዩነቱ ኮምፒውተር ደብዳቤውን እንዳለ አለመላኩ ነው። ይቆራርጠዋል፤ ለየቁራጩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁራጩ ፓኬት ይባላል። አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ ሊሄድ ይችላል፤ ተቀባዩ በቁጥሩ እየለቀመ ይገጥመዋል፤ የደረሰውንም እየቆጠረ ያሳውቃል፤ ላኪው የጎደለውን ደግሞ ይልካል። እያንዳንዱ ፓኬት ስንት እጅ ማለፍ እንደሚችል የሚወስን ቁጥርም ይዞ ይነሳል፤ አንድ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስለታል፤ ዜሮ ሲገባ ይጣላል። ይህ ባይኖር መንገድ የሳተ ፓኬት በሁለት ራውተሮች መካከል ሲመላለስ ይከርም ነበር።

እነዚህ ስምምነቶች ፕሮቶኮል ይባላሉ። የመልእክቱን ቁርጥራጭና ቁጥር የሚገዛው ቲሲፒ፣ አድራሻውን የሚገዛው አይፒ ነው። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ሐሳቡን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፤ የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ምርምር ኔትወርክ አርፓኔት በጥር 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ስምምነት ተሻገረ፤ እኛ አገር ኢንተርኔት የገባው በ1997 እ.ኤ.አ. ማለትም በ1989 ዓ.ም. ነው። የሚገርመኝ ስምምነቱ የማንም ንብረት አለመሆኑ ነው። ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት ነው፤ የሚፈቅድም የሚከለክልም ባለርስት የለውም፤ ወገዳ ላይ ያለች አንዲት ተማሪ አንብባ በዚያ የሚሠራ ፕሮግራም ብትጽፍ ፕሮግራሟ ከካሊፎርኒያው ማሽን ጋር ይነጋገራል።

መልእክት አቀባባይን በማመን የቆመ ነገር ግን ሐሰተኛ መልእክተኛ ሲገባበት ይናጋል። በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. የፓኪስታን ቴሌኮም በአገሩ ውስጥ ዩቲዩብን ለመዝጋት ሲል «ወደ ዩቲዩብ የሚወስደው መንገድ በእኔ በኩል ነው» ብሎ ለራውተሮቹ አወጀ። አዋጁ ከአገሩ አምልጦ ወጣ፤ የዓለም ራውተሮች አመኑት፤ ዩቲዩብ በብዙ አገር ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፌስቡክ በራሱ የጥገና ስህተት ወደ ራሱ የሚያደርሱትን መንገዶች ከዓለም ሰንጠረዥ አጠፋ፤ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ጭምር ለስድስት ሰዓት ያህል ተዘጉ። ይህን የማነሳው ለወሬ አይደለም። ያን ያህል ሀብት ያለው ድርጅት በአንድ መጋጠሚያ ስህተት ከጠፋ፣ የእኛ መጋጠሚያዎች ሰው ሳይመደብላቸው እንዴት ይውላሉ?

የእኛ መጋጠሚያዎች የት ናቸው? ሞባይል ስልካችን ከቅርቡ ማማ ጋር በሬድዮ ሞገድ ይነጋገራል። ማማው ከሚቀጥለው ጋር የሚያያዘው ወይ በፋይበር ወይ በማይክሮዌቭ ነው። ማይክሮዌቭ ሁለቱ ማማዎች እንዲተያዩ ይፈልጋል፤ ጉናን የሚያህል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርድ ገደል ባለበት አገር መተያየት ቀላል ነገር አይደለም። ፋይበሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋና መንገድን ተከትሎ ይቀበራል። ይህ ምድር መንገድ በቀላሉ ሰጥቶ አያውቅም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱን እያስቆፈሩ ነበር የሄዱት። ከአገር ሲወጣም ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት መስመራችን በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ይገባል። በ2024 እ.ኤ.አ. የካቲት በቀይ ባሕር ሥር የተዘረጉ ኬብሎች ሲቆረጡ ዓለም ደንግጦ ነበር፤ በአንድ ወረዳና በዋናው መስመር መካከል ያለች አንዲት ኬብል በአንድ ዶማ ስትቆረጥ ግን የሚደነግጠው የዚያ ወረዳ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ዶማ የያዘ ሁሉ ይስማ። የውኃ ቦይ ሲቆፈር፣ የቤት መሠረት ሲጣል፣ የገጠር መንገድ ሲጠረግ፣ በመስመሩ ላይ የቆመ ምልክት ካለ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ብቅ ካለ ሥራው ይቁምና ቀበሌው ለቴሌ ያሳውቅ፤ 994 ደውሎ መንገር ይበቃል። «ለመዳብ» ብሎ የሚቆርጥ ካለ ደግሞ ይህን ንገሩት፦ ፋይበር መስታወት ነው፤ በውስጡ የሚሸጥ መዳብ የለም። እንደ ሰው ፀጉር የቀጠነ መስታወት ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ነው ድምፃችንን የሚያደርሰው። የማማውን ባትሪና ነዳጅ የሚሰርቅም የጎረቤቱን ወላድ አምቡላንስ እንዳትጠራ ያደረገ ነው። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ መረብን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 464/1997 የሚባል ሕግ አለ፤ ሕጉ ግን የሚመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

መሣሪያ ተክሎ የሚጠብቀውን ሰው ሳያቆሙ መሄድ አዲስ በሽታችን አይደለም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት የሚባለው ሥራ ወደ 600 ለሚጠጉ ወረዳዎች የታሰበ ነበር፤ የወረዳ ባለሥልጣን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በቪዲዮ እንዲሰበሰብ አስችሏል። ብዙው ቦታ በሳተላይት ነበር፤ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ጥያቄ ወጥቶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል፤ በስብሰባው ሁሉም በአንድ ላይ ሲናገር የነበረው ለዚህም ጭምር ነው። በዚያው ዘመን ትምህርት በቴሌቪዥን የሚሰጥበት ፕላዝማ መጣ። በፕላዝማ ያልተማረ የዚያ ትውልድ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፍቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን ያላየም ጥቂት ነው። ቴክኖሎጂው መጥፎ አልነበረም። የጎደለው መፍቻ ይዞ የሚመጣ የአገር ልጅ ነው።

የአገር ልጁ ግን አለ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ደረጃ ሦስትና አራት ተመርቀው፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፈው፣ ፊልም በፍላሽ እየጫኑ ወይም ባጃጅ እየነዱ የሚኖሩ ወጣቶች በአራቱም ከተሞች አሉ። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በአይቲ ተመርቀው ቤት የተመለሱም አሉ። ጥሪዬ በግልጽ ለእነሱ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሰው በስም ይመደብ። ለበጎ ፈቃድ ብቻ ብለን እንዳናደክመው፤ በሳምንት ለሁለት ቀን ሥራው የሚከፈለው አበል ከወላጅ ኮሚቴውና ከውጭ ካሉት ልጆች ይዋጣ። በነጻ የሚሠራ ሰው በሦስተኛው ወር ይጠፋል፤ ሊወቀስም አይገባም።

በውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ኮምፒውተር ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። በሻንጣ ተጭኖ የመጣ፣ ቻርጀሩ የጠፋ፣ ባትሪው የሞተ፣ የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ የረሳው ላፕቶፕ ለትምህርት ቤቱ ስጦታ ሳይሆን ቆሻሻ የመጣል ሸክም ነው። ስምንት አንድ ዓይነት ላፕቶፖች ከሃያ ስምንት ልዩ ልዩ ይሻላሉ፤ አንዱ ሲሞት ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ከኮምፒውተርም በላይ የሚቸግረው ዲስክ፣ ዩፒኤስ፣ የሶላር ባትሪና ጥሩ ክሪምፐር ነው። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሰዓታችሁን ላኩ፤ የተመደበው ወጣት ሲቸግረው ስልክ የሚያነሳለት አንድ ባለሙያ ከሺህ ዶላር ይበልጥበታል።

ባንክ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ስንሄድ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» እንባላለን። አርባ ኪሎ ሜትር በእግሩ የመጣ ሰው «ነገ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ያውቃል፤ ግን እሱም ምን እንደተበላሸ አያውቅም። ማወቅ ይቻላል። መጀመሪያ የራስን ኮምፒውተር ኬብልና መብራት ማየት። ቀጥሎ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ የመሥሪያ ቤቱን ራውተር መጥራት፤ እሱ ካልመለሰ ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ነው። ከመለሰ ከወረዳው ውጭ ያለ አድራሻ በቁጥር መጥራት፤ እዚያ ላይ ከቆመ መስመሩ ነው፤ 994 መደወል ያኔ ነው። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልሠራ ደግሞ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው የታመመው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን የምለምነው ይህን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ በየመስኮቱ እንዲኖርና ለባለጉዳዩ ቁርጡን እንዲነግረው ነው፦ «የእኛ ስዊች ነው፣ ከሰዓት ና» ወይም «መስመሩ ከደብረ ታቦር ወዲያ ነው፣ ዛሬ አትድከም»።

አሁን ወደ ስልኩ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘባችን ቀስ በቀስ ከመቀነት ወደ ስልክ ተዛውሯል፤ ባጃጅ ነጂው ነዳጅ የሚቀዳው በስልኩ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለእናት የሚላከው ብርም እንዲሁ። የባንክና የቴሌ መተግበሪያዎች በኢንተርኔት ላይ የሚልኩት መልእክት የተመሰጠረ ነው፤ በመንገድ ላይ ያሉት አቀባባዮች ሊያነቡት አይችሉም፤ ሌባውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ምስጢሩን ለመስበር አይደክምም፤ ሰውየውን ይጠይቀዋል። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን በመልእክት የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ።» «ሽልማት ደርሶዎታል።» «ጋሼ፣ በስህተት ብር ገብቶብዎታል፣ እባክዎ ይመልሱልኝ።» ድምፁ ትሑት ነው፤ «አባቴ» ይላል፤ ይቸኩላል። መቸኮሉ ነው ምልክቱ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከደዋዩ የቀደመ ሌላ ቀዳዳ አለ። ማንበብ የማይችሉ እናት ወደ ሱቅ ሄደው «የኔ ልጅ፣ ቁጥሩ ይኸው፣ አንተው ምታልኝ» ብለው ስልኩንም ፒኑንም ይሰጣሉ። ባለሱቁ ደግ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ደግ ነው። ነገር ግን በአንድ የገበያ ቀን የሃያ ሰው ፒን የሚሰማ ልጅ ላይ የማይገባ ፈተና መጫን ነው፤ ከኋላው ቆሞ የሚሰማውንም አናውቅም። ሴፍቲኔት ብዙ ቤት በሚደግፍበት አገር ያች ጥቂት ብር ብትወጣ የወሩ እህል ናት። ስለዚህ ደንቡ አጭር ይሁን፦ ፒንና በመልእክት የሚመጣ ቁጥር ለልጅም፣ ለባለሱቅም፣ «ከቴሌ ነኝ» ለሚልም፣ ለንስሐ አባትም ቢሆን አይነገርም። ጥቂት አኃዝ መምታት ፊደል ያልቆጠረም ሰው በአንድ እሑድ ይማራል፤ የአዝራሩን ቦታ እንጂ ፊደሉን አይጠይቅም። የልጅ ልጅ አያቱን ያስለምድ።

ይህን የሚያደርሰው ፖስተር አይደለም። የእድር ዳኞች ወርኃዊ ስብሰባው ሲያበቃ፣ ካህናት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም፣ ኢማሞች ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ አምስት ደቂቃ ይናገሩት። የተሰረቀ ሰውም አፍሮ ዝም እንዳይል አፉን የሚያዘጋው ሳቅ ይቅር፤ ዛሬ ወገዳ ላይ የተሞከረው ማታለያ ነገ መካነ ኢየሱስ ስለሚደውል፣ ቀድሞ የተናገረ ሰው ሌላውን አዳነ ማለት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ያስቀጣል፤ ለፖሊስ ማመልከት መብት ነው። ወጣቶች ደግሞ ቴሌግራማችሁ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨምሩ፤ አካውንቱ በተሰረቀ አንድ ልጅ ስም «ትንሽ ብር ላክልኝ» እየተባለ የሚበላው የዘመዱ ሁሉ ገንዘብ ነው።

የትምህርት ቤቱም ኔትወርክ በሩ ሁለት ነው። አንደኛው ፍላሽ ነው፤ ኢንተርኔት የሌለው ክፍል ቫይረስ የለውም ብሎ የሚያስብ ሰው ሾርትከት ቫይረስን አያውቅም። ፍላሽ የሚገባበት አንድ ኮምፒውተር ብቻ ይሁን፤ እዚያ ሳይመረመር ወደ ሌላው አይለፍ። ሁለተኛው የራውተሩ የይለፍ ቃል ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈበት ቃል በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለሆነ በተተከለ ዕለት ይቀየር፤ አዲሱ ቃል በታሸገ ፖስታ ከርዕሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጥ፤ ባለሙያው አንድ ቀን ሥራ ለቅቆ ሲሄድ ኔትወርኩን ይዞት እንዳይሄድ። የተማሪ ውጤትና መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ከተማሪዎች ክፍል ኔትወርክ ይለይ፤ ቅጂውም በየዓርቡ በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ የልጆች ስም፣ ውጤትና የወላጅ ስልክ ተራ ወረቀት አይደለም።

እንጀምር ካልን የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። በአራቱም ከተሞች አንድ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመረጥ፤ የአይቲ መምህሩና ተማሪዎቹ ጨርቁን ገልጠው ስንት ኮምፒውተር እንደሚነሳ፣ ስንቱ ዲስክ እንደጎደለው፣ ስንቱ ላይመለስ እንደሞተ፣ ክፍሉ ስንት ሶኬት እንዳለው፣ የምድር ሽቦ መኖር አለመኖሩን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ገጹ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ለወላጅ ኮሚቴው፣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከአገር ለወጡት ልጆች ይላክ። ኬብል የሚጎትት ወጣት፣ ጣሪያ የሚበሳ አናጺ፣ ዲስክ የሚልክ ዘመድ ከዚያ ገጽ ላይ የድርሻውን ይምረጥና ስሙን ከጎኑ ይጻፍ። ሰኔ ላይ ክፍሎቹ ባዶ ስለሚሆኑ ኬብል መዘርጋት የሚመቸው ያኔ ነው፤ ዝናቡ ሳይከብድ ጣሪያው ተመርምሮ፣ ሰርቨሩም ቢያንስ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።